ዳኛው አባ መላ፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አጭር የሕይወት ታሪክ

የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ስም ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። በአዲስ አበባ ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚመላለስ ሰው ሁሉ በስማቸው የሚጠራውን ድልድይ ያውቃል። በታሪክ ትምህርታችንም የጦር ሚኒስትር እንደ ነበሩና በሰገሌ ጦር ሜዳ ድል እንዳደረጉ ተምረናል። ነገር ግን ሽማግሌዎች አባ መላ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጦረኛውን ብቻ ሳይሆን ነገር ዐዋቂውንና ዳኛውን ጭምር ነው። እኛም ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ታሪካቸውን ለመጻፍ ስንነሣ በተለይ ይህን ወገን መርጠናል።

የመረጥንበት ምክንያት ከምንኖርበት አገር የመጣ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። የጭነት መኪና ቀንና ሌሊት ያልፍባቸዋል፤ ባጃጁም እግረኛውም ከብቱም በዚያው መንገድ ይጋፋል። እንግዲህ አንድ ሕፃን በመኪና ተገጭቶ የወደቀ እንደ ሆነ፣ የሚሰበሰበው ሕዝብ ፈጥኖ የሚጠይቀው ማን እንደ ገጨው ነው። እንዴት እንደ ገጨው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሾፌሩ ሰክሮ ነበርን? ፍሬኑ እንደማይሠራ እያወቀ ነውን የነዳው? ወይስ በጥንቃቄ ሲነዳ ሕፃኑ ድንገት ዘሎ ገባበት? ድንጋይ ያነሣ እጅ ይህን ሁሉ ለመመርመር ትዕግሥት የለውም። ሰው የገደለ ሁሉ በደሉ አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የሕግ መጽሐፍ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የየመንገዳችን ጥያቄ ነው። ይህንኑ ጥያቄ በአባ መላ ዘመንም ዳኞች በየአደባባዩ ሲያከራክሩበት ኖረዋል።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1844 ዓ. ም. ገደማ በጨቦ አገር ነው። ጨቦ ከሰበታ ተነሥቶ የጅማን መንገድ ይዞ ወደ ወሊሶ የሚጓዝ ሰው የሚደርስበት አገር ሲሆን፣ ወሊሶም ኋላ የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናት። አባታቸው ዲነግዴ ይባሉ ነበር። ያ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያሰፉበት ዘመን ስለ ነበረ ጦርነቱ ጨቦንም አልማረም። ሀብተ ጊዮርጊስ ገና በልጅነታቸው በዚሁ ጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት መጡ።

ምርኮኛ ማለት ዕጣው በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰው ነው። ያ ልጅ ጦርነቱን አላስነሣም፤ አልመከረበትም፤ ነገር ግን ቅጣቱን ተቀበለ። አገሩንና ወገኑን ትቶ በድል አድራጊዎቹ ቤት ማደግ ግድ ሆነበት። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ዕጣ አግኝተው ስማቸው ሳይሰማ አልፈዋል። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በንጉሡ ቤት ሥራቸውን በትጋት እየሠሩ፣ የሚባለውን እየሰሙ፣ ያዩትን እያስተዋሉ አደጉ። በዚያን ጊዜ ዛሬ እንደምናውቀው ያለ ትምህርት ቤት በአገራችን ስላልነበረ ትምህርት ቤታቸው ሰፈሩና አደባባዩ ነበር። በአደባባይ የሚውል ልጅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ክርክርን ነው።

ዕድሜያቸው ሲገፋ በጦር ሜዳም በምክርም ሙያቸው ታወቀ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ጦርነት ላይ ዝነኛው ፊታውራሪ ገበየሁ ወድቀው ነበር። ከዚያ ጦርነት በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ሆነው ከታላላቆቹ የጦር አለቆች ተቆጠሩ። በ1890 ዓ. ም. ገደማም ጦር እየመሩ ወደ ቦረና ወርደው አገሩን ለመንግሥት አስገበሩ። ከዚያ ወዲያ ቦረናን፣ ኢባትንና ሜጫን ገዝተዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባንም። ልጅ ሳሉ የጦርነት ምርኮ የሆኑት ሰው ጎልማሳ ሲሆኑ ሌላውን ሕዝብ በጦር ለማስገበር ዘመቱ። በጦር የተያዘው አገር ገበሬም ለወታደሩ ገባር ሆኖ ብዙ ችግር ተቀበለ። የታላቅ ሰው ታሪክ የሚጠቅመን ምስጋናውን ብቻ ለይተን ስናነብ ሳይሆን ብርሃኑንና ጥላውን አብረን ስናይ ነው። ፊታውራሪ የዘመናቸው ሰው ነበሩ፤ ከዘመናቸው ልማድም ሁሉ ነጻ አልነበሩም።

አባ መላ የፈረስ ስማቸው ነው። በአገራችን ልማድ መኳንንቱና ጦረኞቹ በሚቀመጡበት ፈረስ ስም አባ እገሌ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። መላ ማለት ብልሃት ወይም ዘዴ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ለባለቤቱ የተሰፋ ልብስ ያህል ልክ ሆነ። ጨንቆት የመጣ ሰው መላ የሚያገኝበት ቤት የአባ መላ ቤት ነው ተብሎ ታመነ።

በጥቅምት ወር 1900 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። እንግዲህ የጦር ሚኒስትር የሆነ ሰው ስለ ምን በዳኝነት ይታወቃል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው፤ በዚያ ዘመን ሹመትና ዳኝነት አይለያዩም ነበር። ጭቃ ሹሙ በመንደሩ፣ መልከኛው በጉልቱ፣ ደጃዝማቹና ራሱ በየግዛታቸው ይፈርዱ ነበር። የተበደለ ሰው ይግባኝ እያለ ከዳኛ ወደ ዳኛ ይወጣል፤ ከአፈ ንጉሡ ይደርሳል፤ በመጨረሻም በዙፋን ችሎት ይቆማል። ስለዚህ ብዙ አገርና ብዙ ወታደር የሚያስተዳድር እንደ ፊታውራሪ ያለ ሹም ከጦር ሜዳ ይልቅ በፍርድ ወንበር ላይ የሚያሳልፈው ቀን ይበዛ ነበር ማለት ነው።

የዚያን ጊዜው ችሎት ለእኛ ለዛሬዎቹ ልጆች ትርኢት ይመስለን ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው ነጠላቸውን አደግድገው በላ ልበልሃ ይባባላሉ፤ በቅሎና ማር እየጠሩ ይወራረዳሉ፤ አንዱ ሌላውን በምሳሌና በቅኔ ሊያጠምደው ይሞክራል። የጽሑፍ መዝገብ የማይገኝበት ችሎት ብዙ ስለ ነበረ ዳኛው የሁሉን ቃል በልቡ መያዝ ነበረበት። ከቃሉ ማማር በስተ ኋላ የተደበቀውን እውነት መለየትም የእርሱ ፋንታ ነበር። አንድ ልማድ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀናል። ሰው በመንገድ ላይ ሲጣላ፣ የተበደለው በሕግ አምላክ ብሎ ከጠራ በዳዩ መቆም ነበረበት፤ ጠሪው ሕፃንም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን፣ ድኻም ቢሆን። ፖሊስ በሌለበት አገር የሕግ ስም ብቻውን እጅ ይይዝ ነበር።

በዚያ ዘመን ስለ ነበረው የነፍስ ግድያ ፍርድ እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የዳኛው ስም እንደ ተራኪው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የማን ፍርድ ነው ብለን አንከራከርም፤ የዘመኑን የፍርድ መንፈስ ስለሚያሳይ ግን እንጽፈዋለን። አንድ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ እንጨት ሲቆርጥ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ወደቀ። ከዛፉ ሥር ሌላ ሰው ነበርና በእርሱ ላይ አረፈበት፤ ከሥር የነበረውም ሞተ። የሟች ወንድም ገዳዩን ይዞ ዳኛ ፊት አቀረበና ደም በደም ይመለስልኝ ብሎ አጥብቆ ተሟገተ። ሽማግሌዎች ካሳ እንዲቀበል ለመኑት፤ እምቢ አለ። ዳኛውም በመጨረሻ የጠየቀውን ፈቀደለት። ነገር ግን አገዳደሉ ከመጀመሪያው ጋራ አንድ እንዲሆን አዘዘ፤ ይኸውም ገዳዩ ከዛፉ ሥር እንዲቀመጥ፣ የሟች ወንድም ደግሞ ከዛፉ ላይ ወጥቶ ወድቆበት እንዲገድለው ነው። ወንድምየው ወደ ዛፉ ቀና ብሎ አየና ካሳውን ተቀበለ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኛም ስቀናል። ነገር ግን ቆም ብለን ስንመረምረው ከሣቁ በታች ሁለት ታላላቅ ነገሮች አሉበት። መጀመሪያ፣ ዳኛው የሟችን ወገን አላዋረደም። መብት የለህም ብሎ አልመለሰውም፤ መብቱን በእጁ ሰጥቶ ክብደቱን ራሱ እንዲመዝነው አደረገ። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ወንድምየው ከዛፉ ላይ ቢወድቅ እንኳ አወዳደቁ ከመጀመሪያው ጋራ አንድ አይሆንም ነበር። የመጀመሪያው የወደቀው ሳይፈቅድ ነው፤ ይህ ግን ሊገድል አስቦ መውደዱ ነው። ሥራው አንድ መስሎ ሳለ ልቡ የተለያየ ነው። አንደኛው አደጋ የደረሰበት ሰው ነው፤ ሁለተኛው ነፍሰ ገዳይ ይሆን ነበር። ዳኛው ረጅም ንግግር ሳያደርግ ይህን ልዩነት ለተሰበሰበው ሁሉ በዓይኑ አሳየው።

ይህም ሐሳብ በአገራችን እንግዳ አልነበረም። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው በኦሪት ሕግ ለእስራኤል 6 የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ወደዚያ ሸሽቶ ከደም ተበቃዩ እንዲድን ነው፤ በጥላቻ ሸምቆ የገደለ ግን መማፀኛ አልነበረውም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ኢብን አል አሳል ያዘጋጀው፣ በትውፊት እንደሚነገረውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም አስቦ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ይለያል፤ የሕፃኑንና የአእምሮ ሕመምተኛውን ነገርም ለብቻው ያያል። የመኳንንቱና የሊቃውንቱ ዳኝነት በዚህ መጽሐፍ ይደገፍ ነበር።

ከፍትሐ ነገሥትም ሌላ ሽማግሌው የያዘው ሕግ ነበር። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ፣ በእኛም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አገር እስከ ዛሬ የሚታወቀው የጉማ ሥርዓት ማለት ነው። ነፍስ ከጠፋ በኋላ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገን መካከል ገብተው ይመረምራሉ፤ አገዳደሉ በማሰብ ነው ወይስ በድንገት ብለው ይጠይቃሉ፤ የካሳውም መጠን በዚሁ ይለያያል። ካሳው ከተቈረጠ በኋላ የዕርቅና የመንጻት ሥርዓት ይፈጸምና ደሙ ይደርቃል። አባ መላ የተወለዱት ይህ ሥርዓት ባለበት ሕዝብ መካከል ነው፤ ያደጉት ደግሞ ፍትሐ ነገሥት በሚጠቀስበት አደባባይ ነው። ከሁለት ምንጭ የጠጣ ዳኛ ነበሩ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የቀድሞው ፍርድ ሁሉ ግን እንዲህ ያማረ ነበር ብለን አናሞግስም። ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን እየሳተ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። አፈርሳታም ነበር። ወንጀል የሠራው ሰው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ በዳዩን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይከለከላል፤ ካልተገኘም ሁሉም ተካፍሎ ዕዳውን ይከፍላል። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ አብረው ይታሰሩ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ያልበደለው ከበደለው ጋራ ይቀጣ ነበር። ሌባ ሻይም ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሏል። እንግዲህ ያ ዘመን ሁለት መልክ ነበረው ማለት ነው፤ በአንድ በኩል የሰውን ልብ የሚመረምር ጥበብ፣ በሌላ በኩል የአንዱን በደል በብዙዎች የሚያስከፍል ችኮላ።

ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ከታመሙ በኋላ የመንግሥቱ ሸክም በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ከእነዚህም አንዱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ከመኳንንቱና ከቤተ ክርስቲያን ጋራ ስላልተስማሙ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። በዚያች ቀን አንድ ከባድ የሕሊና ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። መኳንንቱ ለልጅ ኢያሱ ምለው ነበርና መሐላ ያፈረሰ ሰው በደለኛ አይሆንምን? ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ከፈቱ በኋላ ነው ነገሩ የተፈጸመው። እንዲህ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኛ የምናስተውለው ግን በዚያ ቀን ጦር ሠራዊት የያዙት ሰዎች እንኳ ከበደል ነጻ የሚያደርግ ምክንያት ሳይፈልጉ እጃቸውን እንዳላነሡ ነው።

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ብዙ ጦር አስከትተው ከወሎ መጡ። በቶራ መስክ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ። አባ መላ ግን ጊዜ ለማግኘት መላ አላጡም፤ መልእክት እየላኩ ንጉሥ ሚካኤልን አዘገዩ ተብሎ ይነገራል። በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በሰገሌ ሜዳ ላይ ታላቅ ጦርነት ተደረገና የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነው። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ደም ካሳ አልተቈረጠለትም፤ ሽማግሌም አልመረመረውም። ለአንድ ሰው ነፍስ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሕግ በጦርነት ጊዜ ዝም እንደሚል ስናይ እናዝናለን።

ከዚህ በኋላ ንግሥቲቱ፣ አልጋ ወራሹና ፊታውራሪው ሦስት ጉልቻ ሆነው መንግሥቱን ያዙት። በ1910 ዓ. ም. መሐል ሰፋሪ የሚባሉት ወታደሮች በሚኒስትሮች ላይ ተነሥተው ከሥልጣን ይውረዱልን ባሉ ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ሲሻሩ የቀሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ይህም በወታደሩ ዘንድ የነበራቸውን መታመን ያሳያል። ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ ሥልጣኔ ሲፈጥኑ ፊታውራሪ የቆየውን ሥርዓት በመጠበቅ ያዘግሙ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣውንም ነገር በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ስለዚህም አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የለውጥ እንቅፋት አድርገው ይቈጥሯቸዋል። በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ. ም. ዐረፉ። አቡነ ማቴዎስም በዚያው ሰሞን ስላረፉ የምኒልክ ዘመን የመጨረሻ ምሰሶዎች አብረው ወደቁ ማለት ይቻላል። የሠራዊታቸውና የሀብታቸው ኀይል ወደ አልጋ ወራሹ ዞረ።

ፊታውራሪ ካረፉ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ. ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በአዲስ መልክ የተጻፈ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አገኘች። በ1949 ዓ. ም. ደግሞ የስዊስ አገሩ የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት ሰፊ ሕግ ወጣ። ዛሬ የምንተዳደርበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ. ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ. ም. ጀምሮ የጸና ነው። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ያ የዛፉ ታሪክ በቁጥርና በአንቀጽ ተጽፎ ይገኛል ብንል አልተሳሳትንም።

የአሁኑ ሕግ በ57ኛው አንቀጽ ሰው ጥፋተኛ የሚባለው አስቦ ወይም ቸል ብሎ ሲሠራ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ግን አይቀጣም። ከዛፉ የወደቀው ሰው እዚህ ላይ ነጻ ይወጣል። በጭካኔና በዕቅድ የገደለ ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ይጠብቀዋል። አስቦ፣ ነገር ግን ያለዚያ ክፋት የገደለ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል። በቸልተኝነት ነፍስ ያጠፋ ግን ቅጣቱ በመነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ነው። ሾፌርን የመሰለ በሥራው የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከፍ ይላል፤ ደንብ ጥሶ ያደረገው ከሆነም እጅግ ይከብዳል። በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ የመጣን ሕገ ወጥ ጥቃት ለመመከት የተደረገውም ከመጠን ካላለፈ አያስቀጣም። ከ9 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም።

ስለ አእምሮ ሕመምም ሕጉ ያስባል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1843፣ ማለት ሀብተ ጊዮርጊስ ከመወለዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዳንኤል ምናተን የሚባል የግላስጎው እንጨት ሠራተኛ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሓፊ በሽጉጥ ገደለ። አሳዳጆች አሉብኝ ብሎ የሚያምን በሽተኛ ስለ ነበረ ፍርድ ቤቱ በነጻ ለቀቀው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ኖሮ ሞተ። ሕዝቡ በፍርዱ ስለ ተቈጣ የእንግሊዝ ዳኞች ተጠይቀው መመዘኛ አወጡ። ያ መመዘኛ የሚጠይቀው ሰውዬው የሚሠራውን ማወቁን ወይም ክፉ መሆኑን መረዳቱን ነው። የእኛ ሕግ ግን በ48ኛው አንቀጽ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ የሚሠራውን ቢያውቅም እንኳ በሕመሙ ምክንያት ራሱን መግታት የማይችል ከሆነ በኀላፊነት አይጠየቅም። በዚህ ፈንታ ፍርድ ቤቱ እንዲታከም ወይም እንዲጠበቅ ያዝዛል። በቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። በአጥሩ አጠገብ ስናልፍ ልጆች የሚያሾፉበትን ቦታ ሕጉ በርኅራኄ እንደሚያየው ማወቅ ይገባናል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ሕጉ ለበደለኛ ያደላል ይላል። የሟች እናት ዕንባ የት ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ለእርሷ ልጇ በስካርም ቢሞት በአደጋም ቢሞት ሞት ነው። ነገር ግን የአባቶቻችን ሥርዓት ሁለቱን ነገር ለይቶ ያውቅ ነበር። ሳያስብ የገደለውን ሰው ደሙን አያስፈስሰውም፤ ሐዘንተኛውንም ባዶ እጁን አይመልሰውም። ቅጣቱ እንደ ልቡ ይመዘናል፤ ካሳውና ዕርቁ ደግሞ የሟችን ወገን ያጽናናል። ይህን ሚዛን የሚያዛባው ሕጉ ሳይሆን ቁጣ ነው። በቁጣ ድንጋይ የሚወረውር ሰው በዚያች ሰዓት ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም፣ ቀጪም ልሁን ይላል። በአደጋ የጠፋውን አንድ ነፍስ አስቦ በሚያጠፋው ሌላ ነፍስ ይተካል። ከዛፍ ላይ ወጥቶ ሊወድቅ የተነሣው ወንድም እርሱ ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከምርኮኛነት ተነሥተው የአገር ምሰሶ እስከ መሆን ደረሱ። ልባቸው በቂም ቢሞላ ምክንያት ነበራቸው፤ ዘመኑም የደም በደም ዘመን ነበር። ሆኖም ስማቸው ከበቀል ጋራ ሳይሆን ከመላ ጋራ ተያይዞ ቀረ። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ዳር የምናድግ ተማሪዎች ሁላችን ዳኛ አንሆንም። ነገር ግን እያንዳንዳችን አንድ ቀን በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል መቆማችን አይቀርም። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ወደ ፊት ወጥቶ በሕግ አምላክ ቢል፣ ሌላውም እጁን ቢያወርድ፣ የአባ መላን ታሪክ በከንቱ አላነበብንም ማለት ነው።